ሁለት ወንድማማች፣ ሁለት ማሽን

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለመጽሔት ዓምዴ ወሬ ላጠራቅምበት ነበር። ማን አገባ፣ ማን ማኪኒ ቤት ገዛ፣ የማን ልጅ ተመረቀ። ዘንድሮ ግን ወሬዬ ሁሉ ከገዛ ቤቴ አልወጣ አለ። ጥዑመልሳን ልቡን ኦፕራሲዮን ሆኖ ከሆስፒታል ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። መኪና አትንዳ፣ ከአንድ ጋሎን ወተት የሚከብድ ነገር አታንሳ፣ አትደንግጥ ተብሏል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ከኤርፖርት ሲያመላልስ የኖረ ሰው ቁጭ በል ሲባል ምን ይሆናል? ዋይሊ፣ ከዳላስ ዳር ያለችው ከተማችን፣ ደግሞ እንደምታውቁት ናት፤ ቁጭ ካልክ የምታየው የጎረቤት ጋራዥ ነው። (እንደምታውቁት! ለማን ነው የማወራው? የዓምድ ልማድ አይለቅም።)

ዛሬ ሳጥን መጣለት። ሲያስለው ደረቱ ላይ የሚያቅፈውን ትራስ ይዞ ሄዶ በሩን ራሱ ከፈተ። ከሳጥኑ የወጣችው ራስበሪ ፓይ የሚሏት ናት፤ መዳፍ የማትሞላ፣ ሙሉ ኮምፒውተር በአንዲት ቦርድ ላይ። ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ማይን ሊያደርግባት ነው፤ ማሽኗ ሒሳብ ስታሰላ ሳንቲም ይገኛል አሉ። ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሙ ምናሴ፣ አምና ጡረታ የወጣው የፊዚክስ አስተማሪ፣ እኛው የላክንለትን እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ ጀምሯል። «ቤት ከዋልክ አንተም ጀምር፣ አብረን እንሥራ» ብሎት ነው።

«ሀብታም ልታደርገን ነው?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ሥራ ነው ያልኩሽ፤ ሀብት ወጣኝ?»

ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ሲታገላት ዋለ። ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ ፕሮግራም ሁለቴ ጫነ፣ ሁለቴ እምቢ አለችው። ምናሴ ጋቢውን ደርቦ በቪዲዮ ይመራዋል። በሁለት ዓመት ነው የሚበልጠው፤ በክርክር ግን እኩዮች ናቸው።

«አሁን ምን አሳየችህ?»

«ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ታወጣለች።»

«ርቧታላ! በምን ነው የሰካሃት?»

«በስልክ ቻርጀር።»

«አይ የአሜሪካ ሰው! እኔ እዚህ መብራት እየሄደ እየመጣብኝ ማሽኔን አጥግቤ አሳድራለሁ፤ አንተ ሃያ አራት ሰዓት መብራት ባለበት አገር በረሃብ ልትገላት!»

ጥዑም ሳቀ። ቶሎ ትራሱን አቀፈና እንደገና ሳቀ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ወጥ እያማሰልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ልጃችን ሩሐማ ከአዲሰን፣ ከቢሮዋ ስትመጣ ትክክለኛውን ቻርጀር ይዛለት መጣች። «ዳዲ፣ ይሄ እኮ በቀን አንድ ሳንቲም እንኳን አይሠራም፤ ዩ ኖው ዛት፣ ራይት?»

«አውቃለሁ።»

«ሶ ለምን?»

«ምናሴ ስለሚሠራ።»

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

ሠራች! ብቻዋን አይደለም የምትሠራው፤ ፑል የሚሉት አለ፣ ከዓለም ዙሪያ ብዙ ማሽን ተሰብስቦ አንድ ሥራ የሚካፈልበት። ምናሴ «ደቦ በለውና ተገላገል» ይለዋል። ጥዑም ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን የሚያሳይ ገጽ ሠራ። ከላይ «ዋይሊ»፣ ከታች «ደብረ ብርሃን»። ለእያንዳንዳቸው አንድ አረንጓዴ ነጥብና ሙቀታቸውን የሚያሳይ መስመር አለ። ሲሞቁ ይደክማሉ አሉ፤ እንደ ሰው።

የእኛዋ መስመር ቀጥ ያለች ናት፤ ኤሲው ነው። የምናሴ ግን በየቀኑ አንዴ ቁልቁል ትወርዳለች። ጎህ ሲቀድ ለጸሎት ይነሳና ማሽኗ ያለችበትን የንባብ ክፍሉን መስኮት ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ይገባል። እኛ ልንተኛ ስንል እዚያ ስለሚነጋ፣ ጥዑም ጠዋት ሻዩን ይዞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። «ተነስቷል» ይላል። ከዚያ መድኃኒቱን ይውጣል።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

እንቁጣጣሽ። ጥዑም በስልክ፦ «ለሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ።» ምናሴ፦ «መጀመሪያ ወተቷን አንሳ!»

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

ምናሴ ሞተ።

የግሮሰሪ ፓርኪንግ ላይ ነበርኩ። የደወለልኝ የምናሴ ሚስት የአበዛሽ ወንድም፣ እንግዳ የሚባለው ነው። «መኪና እየነዳሽ እንዳይሆን?» አለኝ፤ ያኔ አወቅኩ። ከድሮ ተማሪዎቹ ጋር ደጅ ቆሞ ሲያወራ ጭንቅላቱን ያዘ፤ በቃ። ሆስፒታል ሳይደርስ። ቀብሩ ነገ።

ቤት መሄድ አቃተኝ። ሲራጁዲን ጋ ደወልኩ። የደሴ ልጅ ነው፤ ከጥዑም ጋር አሥራ ዘጠኙን ዓመት አብሮ የነዳ፣ ሆስፒታል ከእኔ እኩል ያስታመመው።

«አብሽሪ፣ አክሱማዊት። አልቅሰሽ ጨርሺና ፊትሽን ታጥበሽ ግቢ። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም። ሐኪሙ ቼክ የሚያደርገው መቼ ነው?»

«ኦክቶበር ሠላሳ አንድ።»

«ልቡ ደህና ነው ይበለን፤ በማግስቱ ጠዋት ሰው ይዤ መጥቼ በወጉ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ምላስሽን ያዢ። ለአንቺ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።»

ስድስት ሳምንት።

ቤት ስገባ «ፊትሽ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ሽንኩርት ገዝቼ።»

«የተገዛ ሽንኩርት ያስለቅስ ጀመር?»

ሴፕቴምበር 19፣ ዓርብ

ምናሴ ለጉልበቱ ጸበል ገብቷል፣ ስልክ አይያዝም አልኩት። ጥዑም አየኝ። «ምናሴ? ለጉልበቱ?»

«አበዛሽ ናት ያለችኝ።»

«እሺ» አለ።

ፌስቡኩን አልባሌ ምክንያት ሰጥቼ ከስልኩ አጠፋሁት። ሩሐማ መኪና ውስጥ ጮኸችብኝ። «ማሚ፣ ወንድሙ ነው! ሂ ሃዝ ኤ ራይት! እኔ ዳዲን አልዋሽም።»

«አትዋሺ፤ ዝም በይ ብቻ።»

«ያው ነው!»

ያው አይደለም። ልቡ ቢቆምስ? ማነው ተጠያቂው? እኔ አይደለሁ? ይህን ስጽፍ ምናሴ ተቀብሯል። ባሌ ሳሎን ተቀምጦ የቅርጫት ኳስ ድጋሚ ያያል።

ሴፕቴምበር 22፣ ሰኞ

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ አበዛሽ ጋ ደወልኩ። ድምጿ የለም። ሠልስቱ አልቆ ሰው ሄዶላታል። ሰው ሁሉ የተቀመጠው በምናሴ የንባብ ክፍል ነበር፤ ሰፊው እሱ ስለሆነ። ሁሉንም ጠየቅኳት፣ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ተማሪዎቹ እንዴት እንደተሸከሙት። የእኔ ነገር! የሰው ሐዘን ላይ እንኳ ጥያቄዬ አያልቅም።

በመጨረሻ፦ «ክፍሉን ልቆልፈው ነው፤ ማየት አቃተኝ። ያቺን ማሽኑንስ ልንቀላት?»

«አትንቀያት!» አልኩ። ጮኬ ነበር መሰለኝ።

«ምነው?»

«ጥዑም በየጠዋቱ ያያታል። ከጠፋች ይጠረጥራል። እባክሽ አበዛሽ፣ እንደበራች ቆልፊባት። መብራት ቢሄድም ራሷ ነው የምትነሳው።»

«እሺ» አለች። «መብራቷ ብልጭ ስትል ግን ሰው ያለ ነው የሚመስለው፣ አክሱ።»

ሴፕቴምበር 25፣ ሐሙስ

ስክሪኑ ፊት ብዙ ተቀመጠ።

«ይሠራል አይደል የእሱ?» አልኩት። ምን አፌን ከፈተኝ?

«አዎ» አለ። «ነጥቡ አረንጓዴ ነው።»

መድኃኒቱን እኔ አስታወስኩት።

ሴፕቴምበር 30፣ ማክሰኞ

ዛሬ የራሴን መጽሔት ሰረቅኩ።

አዘጋጃችን አይናዲስ ነገሩን ከቤተ ክርስቲያን ሰምታ፣ በቅንነት፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ የሐዘን መግለጫ አውጥታለች፤ ፎቶውን ጭምር። «ሰርፕራይዝ እንዲሆንሽ ብዬ ነው» አለችኝ። አይ አይናዲስ! ሐዘን ሰርፕራይዝ ይሆናል? ጋርላንድ ድረስ መኪናዬን አበረርኩ። ከሐበሻ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሁሉ አቅፌ ወጣሁ።

ባለሱቁ፦ «እትዬ አክሱማዊት፣ ማንን አምተሽ ነው እንዲህ የምትሰበስቢው?»

«ራሴን።»

«እንዲያማ ከሆነ አንዷን ተይልኝ!»

እየሳቅኩ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ቆየሁ። ሃያ ዓመት ወሬ ስበትን ኖሬ፣ ዛሬ ከመኪናዬ ኋላ ወሬ ቆልፌ እዞራለሁ።

ማታ ጥዑም «የዚህ ወር መጽሔት አልወጣም?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

«ማተሚያ ቤቱ ዘገየ።»

«እሺ።»

ይህ «እሺ» የሚለው ነገር በዛ። ሕመሙ ሰውየውን አለሰለሰው።

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

ጢሙን መላጨት ትቷል። ቆዳዬን ያሳክከኛል አለ። ጥቁሩን ጃኬት አወጣ፤ ውጪው ለእኛ ገና በጋ ነው። የደም ማቅጠኛው ያበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱ ነው። ቴሌቪዥኑንም ድምፁ ይረብሸኛል ብሎ ዘግቶታል። ሐኪሙን ልጠይቅ ይሆን? በዚህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ማግስት ሰው ይተክዛል ተብሎ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተሰጥቶናል።

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

ትናንት የሲራጁዲን ልጅ የበራእ ሠርግ ነበር፣ አዲሰን። ጥዑም ቀረ። በራእን ከሕፃንነቱ ትከሻው ላይ ያሳደገ ሰው! «አንቺ ሂጂ፤ እኔ አልችልም» አለ፤ ታመምኩ፣ ደከመኝ አላለም።

ሲራጅ ጥግ ወስዶኝ፦ «ጥዑሜ የልጄን ሠርግ ይቀራል? ምን ብሎ ቀረ?»

«አልችልም ብሎ።»

«ሌላ ምንም?»

«ሌላ ምንም።»

ከዚያ ሰው ጠራው።

የሙሽራዋ ቀሚስ ወርቃማ፣ ጫፉ አረንጓዴ ጥልፍ። የአዳራሹ አበባ ነጭ። ጻፍኩት፤ ሥራዬ ነው። እልልም ብያለሁ። የባሌ ወንድም ሞቶ ወሩ ሳይሞላ እልል አልኩ። ማንም አላየብኝም፤ የሚያውቁትም ተረዱኝ። ለምን ታዲያ ቤት ስገባ ልብሱን አውልቄ ጥዑም እንዳያየው ደበቅኩት?

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

ሩሐማ ከቢሮ ደወለች። «ማሚ፣ ዳዲ የማሽኑን ሙቀት ከሴፕቴምበር ጀምሮ ያለውን ፕሪንት አድርጊልኝ አለኝ። የአንክል ምናሴን ብቻ።»

«ለምን አለ?»

«ዝም ብሎ። ሰጠሁት። አጥፎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።» ከዚያ፦ «አይ ቲንክ ሂ ኖውስ።»

«ከምን? ከኮምፒውተር ሙቀት? የማሽን ነገር ነው፤ አባትሽን አታውቂውም፣ የመኪናውንም የዘይት ደረሰኝ አሥር ዓመት ያስቀምጣል።»

«ኦኬ፣ ማሚ» አለች። እንዲህ ስትል የእሱን «እሺ» መሰለችኝ።

አንዴ ልንገረው ብዬ ሳሎን ሄጄ ነበር። ከስክሪኑ ዞሮ አየኝ፤ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ወንበሩን ወደኔ አዞረ። «ሾርባ ላሙቅልህ?» አልኩት።

«አይ» አለ። ወንበሩን መለሰው።

ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

ዛሬ አርባው ነው። ደብረ ብርሃን ተዝካሩን አበሉ። ለአይናዲስ ጽሑፍ ላደርስ ነው ብዬ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ስሙን አስጠርቼ ሻማ አበራሁ። ስመለስ ምሳውን አልነካም።

«ቀኑ በእኛ ስንት ነው?» አለኝ።

«ጥቅምት አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ሰባት» አለ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ ቀስ ብሎ እየነካ። ከዚያ ጓሮ ወጥቶ ቆመ። በመስኮት አየሁት። ምንም አላደረገም፤ ቆመ ብቻ።

አራት ቀን ቀረኝ። አራት ቀን።

ኦክቶበር 31፣ ዓርብ

ሐኪሙ ምስሉን አሳየን። ልቡ ጠንክሯል፣ መንዳትም ትችላለህ አለው። ጥዑም አመሰገነ። መኪናውን ግን እኔ ነዳሁ፤ አልጠየቀኝም። ለሲራጅ መልእክት ላክሁ፦ «ደህና ነው።» መለሰ፦ «ኢንሻአላህ ጠዋት።»

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

ገና ሳይነጋ ሦስት መኪና መጡ፤ ሰባት ሰው። የፊት ለፊቱ ጎረቤት የበረንዳ መብራቱን አበራ፤ ምን መስሎት ይሆን? እኔ ቀድሜ ልከፍት ከመኝታ ቤት ስወጣ ሳሎኑ በራ። ጥዑም ለብሶ ቆሟል። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ ከጋራዥ ተጣጣፊ ወንበሮቹን አምጥቶ ደርድሯቸዋል። ምንም እንዳያነሳ የተከለከለ ሰው፣ አንድ በአንድ፣ እኔ ተኝቼ።

«ግቡ» አላቸው። «ተቀመጡ።»

ሲራጅ ቆሞ ቀረ። ያሰበው ሁሉ ጠፋበት መሰለኝ። «ጥዑሜ… ሰው የአላህ ነው…»

«እሱን አውቃለሁ። ስሙን ጠርተህ ንገረኝ።»

«ወንድምህ ምናሴ አርፏል።»

ጥዑም ያኔ ወደቀ። አልደነገጠም፤ ልክ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ አውርድ እንደተባለ ሰው ነው ወደ ወንበሩ የወረደው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» አለ። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። ሩሐማ ትራሱን ይዛ ሮጣ መጣች፤ ደረቱን እንዳያመው አቀፈችው።

ሲረጋጋ ከጃኬቱ ወረቀቱን አውጥቶ ለሲራጅ ሰጠው። በወረቀቱ ላይ ያለችው መስመር ስክሪኑ ላይ በየጠዋቱ ሲያያት የነበረችው ናት።

«መስከረም ስምንት ጠዋት መስኮቱን ከፍቷል፤ ይህችን እያት። በዘጠኝ አልከፈተም። ከዚያ ወዲህ የከፈተው የለም። ከስምንት ከሰዓት ጀምሮ ደግሞ ሦስት ቀን፣ ይኸው፣ ክፍሉ ሞቀ። የደብረ ብርሃን ቤት በዚህ ወር እንዲህ የሚሞቀው በሰው ሲሞላ ነው። በአራተኛው ቀን ሰው ሄደ።» ጣቱን አነሳ። «ሠልስቱን እዚህ ላይ ሆኜ ተቀመጥኩለት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ አንተ ሰው?»

«ምን ላድርግ፣ ሲራጅ? ያልተረዳሁትን ሐዘን በየት በኩል ልጀምረው? አንድ ሰው ሳይነግረኝ፣ አንድ ሰው አብሮኝ ሳይቀመጥ፣ ጋራዥ ገብቼ ብቻዬን ላልቅስ? ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል እያልኩ ጠበቅኩ። አርባውም አለፈ። ትናንት ሐኪሙ ሲለቀኝ ነው ዛሬ እንደምትመጡ ያወቅኩት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አክሱ፣ የዳላስን ሰው ሁሉ ወሬ አደረስሽ። የወንድሜን ለእኔ ነፈግሽኝ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ልቡን ብዬ ነው ልል ነበር። ልቡ ትናንት ደህና ነው ተባለ፤ አርባ አራት ቀን ሙሉ ሲሸከመው የኖረው ያው ልብ ነው።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ቤቱ ሞላ። ማኪኒ ካሉት ጀምሮ መጡ። የሲራጅ ሚስት ኡምሰልማ ከነድስቷ ገባችና ወጥ ቤቱን ተረከበችኝ። ጥዑም ከሁሉም ጋር ያወራል። ከእኔ ጋር አያወራም።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

አይናዲስ ስለ ዓምዱ ደወለች። የዚህን ወር ተይው አልኳት። «ታመሻል?» አለች። አልታመምኩም።

ሩሐማ ሰው ሲቀል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ነግሬሽ ነበር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ከዚያ ይልቅ ፀጉሬን ሠራችልኝ።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ጠራኝ። አጠገቡ ያለውን ወንበር በእጁ መታ አደረገ። ተቀመጥኩ።

«ንገሪኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ማን ደወለልሽ፣ ምን ብሎ ጀመረ፣ የት ቆመሽ ነበር። አታሳጥሪ። ሰው ሠርግ ላይ የዋለውን እንደምትጽፊው አድርገሽ ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ከግሮሰሪው ፓርኪንግ ጀመርኩ። እንግዳ መጀመሪያ ያለኝን፣ ምናሴ ደጅ ቆሞ ስለ ምን ሲያወራ እንደነበር፤ ስለ ተማሪዎቹ የምረቃ ዓመት ነበር፣ አንዱን «አንተ ሁልጊዜ አርፋጅ» እያለው። ማን ማን እንደተሸከመው። ከሩቅ የመጣ አንድ ጎልማሳ የተማሪነት ደብተሩን እንደያዘ መቃብሩ ላይ እንደቆመ፤ በ1980ዎቹ ያስተማረው ነው። አበዛሽ እንዳልጮኸች። ስለ ጸበሉ፣ ስለ መጽሔቱ፣ «አትንቀያት» ስላልኳትም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ስቆም «ቀጥዪ» ይላል። አርፋጁ ጋ ስደርስ ሳቀ፤ ከዚያ እንባው መጣ።

ስጨርስ፦ «ሲያወርዱት መሬቱ እርጥብ ነበር? ዘንቦ ነበር?»

አላውቅም። የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ የማይቀረኝ ሴት ይህን አልጠየቅኩም።

«አበዛሽን እንጠይቃት» አልኩ። ምናሴ ካረፈ ጀምሮ እሷና ጥዑም አልተነጋገሩም፤ መርዶው ቀን ደውላ እሱ ድምፅ አልወጣ ብሎት ሲራጅ ነበር የተቀበላት። ደወልኩላት። በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

«አክሱዬ?»

«አጠገቤ አለ» አልኳት። ስልኩን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«አበዛሽ» አለ፣ «እኔ ነኝ።»

ተነስቼ ወጣሁ፤ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። አንድ ሰዓት አለፈው። ሲወጣ ስልኩን መለሰልኝና የራት ሰዓት መድረሱን ጠየቀኝ፤ አብረን በላን። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። አልጠየቅኩትም።